«እረኛ ምን አለ?»፤ የጎጃም ገበሬ የመብት ክርክርና የግጥም ቅርሱ

በቀድሞ ዘመን ነገሥታቱና መኳንንቱ የአገሩን ሁናቴ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይነግሩናል። እረኛ ከብቱን እያገደ ከጓደኞቹ ጋር በግጥም ሲቀባበል፣ ትልልቁ ሰው በአደባባይ ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር ያለ ፍርሀት ያወጣዋልና ነው። ይህ ልማድ ሁለት ነገር ያስረዳናል። አንደኛው፣ የሕዝብ ሐሳብ በግጥም እንደሚገለጽ ገዢውም ተገዢውም ያውቁ እንደ ነበር ነው። ሁለተኛው ደግሞ መጠየቅና መስማት አንድ አለመሆናቸው ነው። ጠያቂው የእረኛውን ቃል ሰምቶ ግብሩን ሊያቃልል ይችላል፤ ወይም የእረኛውን አባት ሊያስይዝ ይችላል፤ ወይም ደግሞ ዜማውን ወዶት ቃሉን ሊረሳው ይችላል።

በዚህ አጭር ጥናት ልንመለከተው የምንፈልገው ይህን ሦስተኛውን ነው። የደብረ ማርቆስና የአካባቢው ሕዝብ በ1960 ዓ.ም. ስለ መሬቱና ስለ ግብሩ ያደረገው ትግል፣ በአገራችን ገበሬዎች የመብት ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው ነው። ቅርሱም በአብዛኛው በአፍ ሲወርድ የቆየው በቀረርቶ፣ በእንጉርጉሮና በሙሾ ነው። ዛሬ ይህን ቅርስ በግጥም ምሽትና በሥዕል ማሳያ ማክበር እየተለመደ መጥቷል፤ እኛም ከአክባሪዎቹ ወገን ነን። ነገር ግን ስናከብር የምንይዘው ምኑን ነው? የምንተወውስ ምኑን ነው? በበኩላችን የደረስንበትን ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን ለማቅረብ እንሞክራለን።

1. ርስት፣ ክርክርና ግጥም

ስለ መብት ሲነገር ብዙ ጊዜ ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ሕገ መንግሥት አንቀጾችና ወደ ከተማ ሰልፎች ነው። በደጋው ጎጃም ግን ገበሬው ስለ መብቱ የሚያስበው በርስቱ በኩል ነበር። ርስት ማለት ከአንድ ዋና አባት በትውልድ የሚወረድ የመሬት ድርሻ ነው፤ ወንድም ሆነ ሴት የዘር ሐረጉን ቆጥሮ እስካስረዳ ድረስ ሊጠይቀው ይችል ነበር። ስለዚህ የርስት ማስረጃው ወረቀት ሳይሆን ትዝታ፣ ምስክርና አንደበት ነበር። የአያቶቹን ስም በቅደም ተከተል የማያውቅና በሸንጎ ፊት አሳምሮ የማይናገር ሰው መሬቱን ሊያጣ ይችል ነበር ማለት ነው።

ግጥም ከመብት ጋር የተዛመደው እዚህ ላይ ነው። በድሮው ችሎት ተከራካሪው «በላ ልበልሃ!» ብሎ ሲነሣ ነገሩን የሚከፍተው ቤት በሚመታ ንግግር ነበር። ዳኛው የሚመዝነው ፍሬ ነገሩን ቢሆንም አደባባዩ ደግሞ አነጋገሩን ይመዝን ነበር። እንግዲህ ለጎጃም ገበሬ ግጥም ከሥራ በኋላ የሚመጣ ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ አቤቱታ የሚቀርብበት መልክ ነበር።

በዚህ ላይ አገሩ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ እያሉ የሚጠሩት ቦታዎች ሁሉ በጉባኤያቸው የታወቁ ናቸው። ቅኔው በግእዝ የሚነገርና የሊቃውንት ድርሻ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሰሙን ከላይ አድርጎ ወርቁን ከሥር የመደበቅ ልማዱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ ወደ አውድማውና ወደ ደቦው ወርዷል። ገበሬው ስለ በሬው ሲገጥም ስለ ጭቃ ሹሙ መናገሩ ሊሆን ይችላል፤ ሰሚውም ያውቅበታል። ከዚሁ አገር የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔን ወደ ቴያትር መድረክ ሲያመጡ፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ የገበሬውን ክርክር ወደ ልብ ወለድ አመጡት። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ገበሬዎች ከልማድ ውጭ የሆነ መዋጮ አንከፍልም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪ መሸሻን ሲማርኩ እናነባለን። መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የጎጃም ገበሬ በእውነት ተነሣ። ደራሲው ነቢይ ነበሩ ለማለት አይደለም፤ አገራቸውን ያውቁ ነበር ለማለት ነው።

2. የ1960 ዓ.ም. ነገር እንዴት መጣ?

የ1960ውን እንቅስቃሴ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጎጃም በጠላት ዘመን አምስት ዓመት የተዋጋ አገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው በደብረ ማርቆስ አልፈው ነው አዲስ አበባ የደረሱት። ስለዚህ የጎጃም ሰው ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ከአርበኞቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሲቀጣ፣ ያገሩ ሰው ነገሩን እንደ አንድ ሰው ሞት ብቻ አላየውም።

ከነጻነት ወዲህ በወጡት የመሬት ግብር ሕጎች በብዙዎቹ ጠቅላይ ግዛቶች መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በጋሻ ሲገበር፣ ጎጃም ግን ሳይለካ ቀረ። መንግሥት መሬቱን ለመለካትና ግብሩን ለመጨመር በሞከረ ቁጥር ገበሬው ይቃወም ነበር፤ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ዓመታት የተነሡት ሁከቶች ምክንያታቸው ይኸው ነው። ገበሬው ቀላድን የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። በደቡብ አገር ቀላድ ሲጣል ብዙው መሬት ለመንግሥትና ለባለ ሥልጣን ሆኖ ባለአገሩ በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ እንደ ሆነ ወሬው ደርሶታል። ገመዱ ዛሬ የሚለካውን ነገ ይወስደዋል የሚለው ፍርሀት ከዚህ የመጣ ነው።

በኅዳር ወር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። አዋጁ የቀድሞውን አሥራት አስቀርቶ ግብሩ በገበሬው ገቢ ግምት ላይ እንዲመሠረት የሚያዝዝ ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ካለው ብዙ፣ ከሌለው ጥቂት የሚጠይቅ ትክክለኛ ሕግ ይመስላል። ለጎጃም ገበሬ ግን ገማቹ ቀላድ ጣይ ሆኖ ታየው፤ ምርቱን መገመት መሬቱን ለመለካት መንደርደሪያ ነው ብሎ አመነ። በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደርም ቀድሞውኑ ምሬት አሳድሮ ነበርና የግብሩና የአስተዳደሩ ቅሬታ ተዳመረ።

ገበሬው በመጀመሪያ አቤት አለ፤ ሽማግሌ ላከ። መልስ ሲያጣ ግብር አልከፍልም አለ፤ ገማቾችን ከቀበሌው አባረረ። በዳሞትና በሞጣ አውራጃዎች የጀመረው እንቢታ ወደ ሌሎቹም ተዛምቶ የትጥቅ አመጽ ሆነ። መንግሥት ጦር ላከ፤ የአየር ኃይል አውሮፕላኖችም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ። ሰው አለቀ፤ ቤትና እህል ተቃጠለ። ገበሬው ግን አልተበተነም። በመጨረሻ እንደራሴው ከጎጃም ተዛወሩ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ፤ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመውም ውዝፍ ግብር ተማረ። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ አሸነፈ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያሸነፈው አዋጁን ነው እንጂ አዋጅ ሲወጣ የሚጠየቅበትን ወንበር አላገኘም። ድምፁ የተፈራ እንጂ የተሰማ አልነበረም።

3. ተማሪውና ገበሬው

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ወገን፣ ስለ ተማሪው፣ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ከአመጹ ሦስት ዓመት በፊት፣ በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። በኮሌጅ ቀን በዓልም ተማሪዎች የድሃውን ኑሮ የሚገልጹ ግጥሞች ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት አንብበዋል። ይህ የሚያኮራን ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የጎጃም ገበሬ ሲነሣ ብዙ የተማሩ ሰዎች ነገሩ ግራ አጋብቷቸው ነበር። ተማሪው መሬት ለሌለው መሬት ይሰጠው ሲል፣ የጎጃም ገበሬ ያለኝን መሬት አትንኩብኝ ይላል። አንዳንዱም ገበሬውን የለውጥ እንቅፋት አድርጎ ተመለከተው።

ይህ ትችት ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ከአመጹ መሪዎች መካከል የአካባቢው ባላባቶች ነበሩበት፤ ጥያቄውም ከጠቅላይ ግዛቱ ወሰን ብዙ አላለፈም። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ሳይጠየቅ የወጣበትን ሕግ ሲቃወም፣ የተቃወመበት ምክንያት ከእኛ ንድፈ ሐሳብ ጋር አለመስማማቱ ጥያቄውን የመብት ጥያቄ ከመሆን አያወጣውም። ተማሪው ስለ ድሃው ሲገጥም ድሃው ራሱ ይገጥም እንደ ነበር ዘንግቷል። በከተማ የተነበበው ግጥም በጋዜጣና በመጽሔት ታተመ፤ በሞጣና በዳሞት የተባለው ግን በተናጋሪው አፍ ላይ ቀረ። ዛሬ የኮሌጁን ግጥም ከቤተ መጻሕፍት አውጥተን ማንበብ እንችላለን። የገበሬውን ለማግኘት ግን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ሳያልፉ መድረስ ያስፈልጋል።

4. ዜማው ሲወሰድ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ የርስት ሥርዓት ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የገበሬው ዜማ፣ እስክስታውና ቀረርቶው ወደ መድረክ ወጣ። በአንድ በኩል ሲታይ ይህ ለባላገር ጥበብ ክብር መስጠት ነበር፤ ከዚያ በፊት በከተማ መድረክ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አላገኘም ነበርና። በሌላ በኩል ግን ዜማው ተጠብቆ ቃሉ ተለወጠ። የሹም ስም እየጠራ ይወቅስ የነበረው ግጥም መፈክር ተሸካሚ ሆነ።

ገበሬው ግን ሁለት አንደበት ነበረው። የአማርኛ ሥነ ቃል ተመራማሪው ጌቴ ገላዬ በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በደጀን አካባቢ በምትገኘው በየትኖራ፣ የገበሬዎችን ቃል ግጥም ሰብስበው አጥንተዋል። የትኖራ በደርግ ዘመን በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበርነቷ በአርአያነት የምትጠቀስ ቀበሌ ነበረች። ከዚህ ጥናት የምንረዳው፣ ገበሬው ስለ መንግሥት ፖሊሲ የሚያስበውን፣ ሙገሳውንም ወቀሳውንም፣ በግጥም ሲያስታውቅ መኖሩን ነው። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በየቦታው የነበሩት ማኅበራት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈረሱ። ግጥሙ አስቀድሞ ያለውን ነገር ለሰማ ሰው ይህ ድንገተኛ አልነበረም።

ከዚያም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ድልድል ሆነ። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹማምንት የነበሩት «ቢሮክራሲ»፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ «ፊውዳል» ተብለው ተለዩ። እነዚህ ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደርጎ ትርፉ ተወሰደባቸው። መሬት አገኘሁ ብሎ የተደሰተ አለ፤ በተሰጠው ስም ምክንያት መሬቱን ያጣና ያዘነም አለ። ጌቴ ገላዬ ስለዚህ ድልድልም የተባሉትን ግጥሞች አጥንተው አሳትመዋል። እንግዲህ ከ1960 እስከ 1989 ዓ.ም. ሦስት መንግሥታት ተፈራርቀው ሕጉ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ፣ ገበሬው ግን በእያንዳንዱ ጊዜ አቤቱታውን ያቀረበው በዚያው በአባቱ መንገድ ነው። ቅርስ የምንለው ይህ ነው፤ አንድ ያለቀ አመጽ ሳይሆን፣ ሳይቋረጥ የቆየ የመጠየቅ ልማድ ነው።

5. ከርስት ውጭ የነበሩት እጆች

ቅርሱን ስናከብር ልንደብቀው የማይገባ አንድ ጉድለት አለ። በርስት ሥርዓት ከመሬት የራቁ ሰዎች ነበሩ። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ፋቂው ብዙውን ጊዜ የርስት ባለቤት አልነበሩም። ለእጃቸው ሥራ ይፈለጋሉ እንጂ ለጋብቻና ለማዕድ አይፈለጉም፤ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ነበር። አዝማሪውም ቢሆን በሠርጉና በግብሩ ይጠራል፤ ልጅ ግን አይዳርለትም። የ1960ው ገበሬ ርስቴን አትንኩ ብሎ ሲነሣ ለእነዚህ ሰዎች የጠየቀላቸው ነገር አልነበረም።

ዛሬ ቅርሱን ለማክበር መድረክ ስናዘጋጅ ምን እንደምንደረድር ልብ እንበል። ጀበናውና እንስራው የሸክላ ሠሪዋ ነው፤ ጋቢውና ጥበቡ የሸማኔው ነው፤ ማሲንቆው የአዝማሪው ነው። የገበሬውን መብት የምናከብረው፣ ከዚያ መብት ውጭ በነበሩት ሰዎች እጅ ሥራ ነው ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሥዕሉን ዋጋ የከፈለው ሰው ከሥር ተደፍቶ ሲሣል እናያለን፤ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ጭቃውን ያቦካችው ግን አልተሣሉም። እኛም በማሳያችን ይህንኑ ስሕተት እንዳንደግም ያስፈልጋል። ጀበናው ከጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሠሪዋ ከወንበሩ ላይ መቀመጥ ይገባታል፤ ስለ 1960ው ብቻ ሳይሆን ስለ ራሷ ወገን ታሪክም ልትናገር።

6. የባሕር ማዶ ምሳሌ

እኛ በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርን እንደ መሆናችን፣ መዝሙር በትግል ጊዜ ምን ያህል ኃይል እንዳለው በመጀመሪያ የሰማነው ከጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ መሳፈርን ሲያቆሙ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስበው ይዘምሩ ነበር። አሮጌው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቃሉ ጥቂት እየተለወጠ የሰልፍ መዝሙር ሆነ። ይህ ከእኛ አገር ቀረርቶና ሙሾ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ሕዝብ በእጁ ያለውን ዜማ ለጉዳዩ ያውለዋልና።

ከዚያ ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያም እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 በዋሽንግተን የተደረገው ታላቅ ሰልፍ የተጠራው «ለሥራና ለነጻነት» ተብሎ ነበር። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ ቀን ያደረጉት ስለ ሕልማቸው የሚናገረው ንግግር በዓለም ሁሉ ታወቀ። ከ1986 ጀምሮም የልደታቸው መታሰቢያ በአሜሪካ በብሔራዊ በዓልነት ይከበራል። ሕልሙ በየዓመቱ ሲነገር ከሰልፉ ስም ግማሹ፣ ሥራ የሚለው ቃል፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በዓል አንዳንድ ጊዜ የማስታወሻ መንገድ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የመርሻ መንገድ ይሆናል።

በእኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። በሚያዝያ 27 በዓል ስለ በላይ ዘለቀ የሚባለው ቀረርቶ ጠላትን የገጠመበትን ጀግንነት ያነሣል። አርበኛው በገዛ አገሩ ለምን ተሰቀለ የሚለው ጥያቄ ግን ከመድረኩ ይልቅ በየቤቱ ይቀራል። ፉከራው ለአደባባይ፣ ሙሾው ለጓዳ ሆነ።

7. «ማን ሞቶ ነው?»

ባለፈው ክረምት ዕረፍት ለኮሌጃችን የግጥም ምሽት የሚሆን ነገር ለመሰብሰብ ወደ ሞጣ አካባቢ ሄደን ነበር። በአንድ መንደር ሙሾ አውራጅነታቸው የታወቀ አንዲት እናት እንዳሉ ነገሩንና ከቤታቸው ደረስን። ቡና አፈሉልን። ስለ 1960 ዓ.ም. ስንጠይቃቸው በዚያን ጊዜ ልጅ እንደ ነበሩ ነገሩን። አውሮፕላን ሲመጣ እናታቸው ታጥቦ ከአጥር ላይ የተሰጣውን ነጭ ሸማ ከላይ እንዳይታይ ሮጠው ሲሰበስቡ ያስታውሳሉ። ከዚያ ቀጥለን፣ በዚያ ዘመን ለሞቱት የተባለውን ሙሾ በእጅ ስልካችን እንድንቀዳው እንዲያወርዱልን ለመንናቸው።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉን።

ማንም እንዳልሞተ፣ ለበዓል እንደ ሆነ አስረዳናቸው። «ልጆቼ፣ ሙሾ ለበዓል አይወርድም» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከአጠገባቸው የተቀመጡ ሽማግሌ ደግሞ ማስታወሻ ደብተራችንን አየት አድርገው፣ «ይኸ ወረቀት ሲያበቃ የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁን። ያን ጊዜ እንደ ነገሩ መልሰንላቸው ወጣን፤ በልባችንም ትንሽ ቅር ብሎን ነበር። የሄድንበትን ሳናገኝ ባዶ እጃችንን ተመለስን ብለን ነበርና።

ኋላ ስናስበው ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ከማናቸውም ግጥም የበለጠ አስተማሩን። የሽማግሌው ጥያቄ የ1960ው ገበሬ ጥያቄ ነው፤ መዝጋቢ ሲመጣ ምን ሊወስድ ነው? አባቶቻቸው ገማቹን የጠየቁትን እሳቸው እኛን ጠየቁን፤ ደግሞም ልክ ናቸው፤ ያልጠየቁትን ሰዎች ቃል ይዞ የሚሄድ ተማሪ ከቀላድ ጣዩ የሚለየው በምንድን ነው? የእናታችን መልስ ደግሞ፣ ሐዘን ሳይኖር የሐዘንን ቃል መጫወቻ ማድረግ እንደማይገባ ነው። ሙሾው የሚከበረው በመድረክ በመሰማቱ ሳይሆን በቦታው በመቆየቱ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። የጎጃም ደጋ ገበሬ የመብት ቅርስ በግጥምና በእጅ ጥበብ መከበሩ ተገቢ ነው፤ ትግሉ ራሱ በግጥም የተነገረ ነውና። ነገር ግን ግጥሙ ከጥያቄው ተነጥሎ ሲቀርብ ዜማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገር ለማድረግ አስበናል። መጀመሪያ፣ በግጥም ምሽታችን ማንኛውም ቀረርቶ ሲቀርብ ስለ ምን ነገርና በማን ላይ እንደ ተባለ፣ ከነዓመቱና ከነቦታው ይነገራል፤ ፉከራውን ብቻ ቆርጦ ማቅረብ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የምንሰበስበውን ሁሉ በባለቤቱ ፈቃድ እንሰበስባለን፤ ቅጂውም ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ባለቤቱ አይሆንም ያለው አይቀዳም። ሦስተኛ፣ የእጅ ጥበብ በሚታይበት ቀን ሠሪዎቹ በክብር ተጠርተው ይናገራሉ።

ሞጣ ያሉት እናት ሙሾውን አልሰጡንም፤ እኛም እዚህ አልጻፍነውም። አንባቢያችን በዚህ ጥናት ውስጥ አንድ የግጥም ቤት እንኳ ባለማግኘቱ ቢያዝን አይፈረድበትም። የሽማግሌውን ጥያቄ ግን ይዘን መጥተናል። በሚቀጥለው ክረምት ወደዚያው መንደር ስንመለስ፣ ወረቀቱ የት እንደ ሄደ ለመናገር እንድንችል ይህን የመጽሔቱን ቅጂ ይዘን እንሄዳለን። ከሁሉ አስቀድመን ለሽማግሌው እናነብላቸዋለን፤ የተሳሳትነውንም እንዲያርሙን እንለምናቸዋለን።